ኦፔራ ለማየት ሄደን ለቅሶ ደረስን

ኦፔራ ማየት የጀመርኩት በመጋረጃ ነው። ወልድያ ውስጥ መጋረጃ እሰፋለሁ። የአልጋ ልብስም፣ የሶፋ ጨርቅም፣ ለሠርግ አዳራሽ የሚንጠለጠል ጌጥም እሰፋለሁ፤ ሰው የሚያውቀኝ ግን በመጋረጃ ነው። አንድ ቀን መነጽር ያደረገ ቀጭን ወጣት መምህር ሱቄ ገባና ብርሃን ጭራሽ የማያሳልፍ ጥቁር መጋረጃ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ለመኝታ ቤት መስሎኝ የመስኮቱን ልክ ጠየቅሁት። እሱ ግን ከመናኸሪያው ጀርባ ያለውን የድሮ ቪዲዮ ቤት ለቅዳሜ ከሰዓት መከራየቱን፣ በጠራራ ፀሐይ ጨለማ እንደሚያስፈልገው አስረዳኝ።

«ምን ልታሳይበት ነው?» አልኩት።

«ኦፔራ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ድራማ ነው። ግን ሰዎቹ የሚነጋገሩት በዜማ ነው። ሲጣሉም ይዘፍናሉ፣ ሲታረቁም ይዘፍናሉ፣ ሲሞቱም ይዘፍናሉ።»

«ሲሞቱም?»

«በተለይ ሲሞቱ» አለኝ፤ አልሳቀም።

ውጭ አገር ለትምህርት በሄደበት ጊዜ ነው የለመደው። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ወልድያ ተመድቦ ቅዳሜውን ምን እንደሚያደርገው ጨንቆት እንደሆነ ገባኝ። አንዳንዱ ጫት ይጀምራል፣ አንዳንዱ ያገባል፤ ይኼ ኦፔራ ጀመረ። ጨርቁን መርጬ ሰጠሁት።

እኔ ነገር ሲንዛዛ የሚያመኝ ሴት ነኝ። ደንበኛ መጥቶ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ሚስቱ እናት፣ ስለ ሚስቱ እናት ቤት ሲያወራ ቆይቶ መጨረሻ ላይ «እና ሁለት ሜትር» ሲለኝ መቀሱን በሱ ላይ መሞከር ያምረኛል። ስለዚህ ተነግሮ የሚያልቀውን ነገር ዘፍኖ ማስረዘም ለኔ የተሠራ ነገር አልነበረም።

ቅዳሜ ዕለት መጋረጃውን ልሰቅል ሄድኩ። መሰላሉን የተሸከመልኝ የሱቅ ጎረቤቴ ነው። የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። እሱ ክርስቲያን ነው፣ እኔ ሙስሊም ነኝ። እሱ በፆሙ ቀን የኔን የሥጋ ወጥ ሽታ እያማረረ፣ እኔ በረመዳን የሱን ምሳ እያማረርኩ ዓመታት ጎን ለጎን ሠርተናል። መጋረጃውን ሰቀልንና ጨለማው ይበቃ እንደሆነ ለማየት ወንበር ላይ ተቀመጥን። መምህሩ ፕሮጀክተሩን አበራ። በዚያው ቀረን።

አንዲት ግዙፍ ሴት ወርቃማ ቀሚስ ለብሳ ወጣችና አንዲት ቃል ላይ ቆማ አልለቅ አለች። ቃሏን ወደ ላይ ወሰደቻት፣ ወደ ታች አመጣቻት፣ አሽከረከረቻት። «ውሃ ስጧት እንጂ» አለ ጎረቤቴ፤ ብዙም ሳይቆይ አንኮራፋ። እኔ ቀሚሷን ሳይ ነበር። ጫፉ በግራ በኩል ወርዷል። ያጠፈው ሰው ሴትዮዋን ጫማ ሳያስደርግ እንደለካት ገባኝና በውስጤ ተሳደብኩ። በዚህ መሀል አንድ ሰው ጩቤ ይዞ በሩ ጀርባ ቆመ። እሷ አላየችውም። እየዘፈነች ወደ በሩ ሄደች። እጄን አፌ ላይ አደረግሁ፣ በሩን ልትከፍት ስትል፣ መብራት ሄደ።

ጄኔሬተር የለም። ጠበቅን፣ መብራቱ አልመጣም። ሰውየው ይውጋት አይውጋት ሳናውቅ ወጣን። ሳምንቱን ሙሉ የሰው መጋረጃ እየሰፋሁ እሷን ነበር የማስበው። መምህሩ በሱቄ ደጅ ሲያልፍ አስቁሜ «በአላህ ንገረኝ፣ ወጋት?» ብለው «ቅዳሜ ይምጡና ይዩት» ብሎኝ ሄደ። እንዲህ ነው የተያዝኩት። ወጋት ደግሞ። ተወግታም ሩብ ሰዓት ያህል ዘፈነች።

አሁን ጀማሪ ሰው ቢጠይቀኝ የምለው አለኝ። በልታችሁ ሂዱ፤ የሚሞት ሰው እየዘፈነ ሆዳችሁ ቢጮህ ያሳፍራል። ከየቃሉ ጋር አትሯሯጡ። የኛ መምህር ከመጀመሩ በፊት ማይክ ይዞ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ይተርካል፤ በየመሀሉም በዜማው መካከል ጣልቃ እየገባ በአማርኛ ይነግረናል። መጀመሪያ ላይ ይኼ አናዶኝ ነበር። መጨረሻውን ከነገርከኝ ምን ልጠብቅ ብዬ ልቀመጥ? በኋላ ነው የገባኝ። ምን እንደሚሆን ስታውቁ፣ እንዴት እንደሚሆን ብቻ ይቀራችኋል፤ ጆሮም ሥራውን የሚጀምረው ያኔ ነው። ስለዚህ ከሁሉም በላይ፣ አትዘግዩ። እኔ አንድ ቀን ብቻ ዘግይቻለሁ፣ የምተርከውም ስለዚያ ቀን ነው።

ማጨብጨብም ተቸግረን ነበር። የመምህሩ ተማሪዎች በየመጨረሻው ያጨበጭባሉ። እኛ ትልልቆቹ ደግሞ ደስ ያለን ቦታ ላይ እናጨበጭባለን፣ እልል የምትልም አለች፣ «ይበል!» የሚልም ሽማግሌ አለ። አንድ ተማሪ «እሽሽ» ቢለን መምህሩ «ተዋቸው፣ ኦፔራ የተወለደበት አገር ሰውም ድሮ እንደዚህ ነበር» አለው። ድግግሞሹም ያበሳጨኝ ነበር። አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ይሉታል። ከዚያ ግን መንዙማ ላይ አዝማቹን ስንቀበል ስንት ጊዜ እንደምንለው ትዝ አለኝና አፌን ዘጋሁ። አንድ ቀን ደግሞ አንዲት ቀጭን ልጅ ብቻዋን ቆማ ስትዘፍን፣ ድምፅዋ ከላይ ተነስቶ ቀስ እያለ ደረጃ ሲወርድ፣ ቋንቋዋን ሳላውቅ አምባሰል የሰማሁ ያህል ሆዴ ባባ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጎረቤቴ ሲያንኮራፋ እቆነጥጠዋለሁ።

እንግዲህ ስለ እናቴ።

እናቴ የግራና ሰው ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ሐብሩ ውስጥ ኖራ፣ የደም ግፊት ሲያስቸግራት ነው ወልድያ እኔ ዘንድ ያመጣኋት። ሱቅ አብራኝ ትውላለች፤ ዓይኗ ገና ደህና ስለሆነ የመጋረጃ መንጠቆ ትተክልልኛለች። አንድ ታናሽ ወንድም ነበራት። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ሲጎለምስ ጅማ ወርዶ ነጋዴ ሆነ፣ እዚያው አገባ፣ ወለደ። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ ይደውልላት ነበር። የምሰፋበትን መኪናም የገዛልኝ እሱ ነው። ገዝቶ ሲያመጣው «አፍሽ እንጂ እጅሽ አያበላሽም» ብሎ ቀልዶብኛል፤ አፌ ስለት መሆኑን ያውቃል።

እናቴ ሆስፒታል ተኝታ በወጣች ሰሞን ከጅማ ስልክ ተደወለልኝ። ሱቅ ውስጥ ነበርን። እናቴ ከኋላዬ ተቀምጣ መንጠቆ ትተክላለች። የአጎቴ ልጅ እያለቀሰ፣ አባቱ ሌሊቱን ድንገት ታሞ መሞቱን፣ ከዙሁር በኋላ እንደሚቀብሩት ነገረኝ። እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ ታየኛለች። እኔም «እሺ፣ እደውላለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ስፌቴን ቀጠልኩ። ሐኪሙ «እንዳትደነግጥ» ብሎኛል። ሌላ ምን ላድርግ?

መርሳ ያሉት የእናቴ አጎት ልጅ የቤተሰቡ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውን ብጠይቅ «እስኪሻላት ቆዩ» አሉ። ተሻላት። «ረመዳን ይለፍ» ተባለ። ረመዳን አለፈ። «አረፋ ይለፍ» ተባለ። አረፋም አለፈ። የሞተን ሰው ማቆየት እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር። ዓርብ በመጣ ቁጥር እናቴ «ዛሬም አልደወለ?» ትለኛለች፤ እኔም ስልኩ ወንዝ ገባበት፣ ኔትወርክ ከሌለበት ገጠር ገባ፣ ሰላም ብሎሻል እላለሁ። ቀን ውሸት ስፈጥር እውልና ማታ ራሴን ያመኛል። እሱን ለማልቀስ እንኳ ቦታ አልነበረኝም። ቤቱም ሱቁም እናቴ ያለችበት ነው፤ ዓይኔ ቀልቶ ብታየኝ ምን ልላት ነው? ከጊዜ በኋላ ግን ዓርብ ዓርብ መጠየቋን ተወች። እርጅና አስረሳት ብዬ አላህን አመሰገንኩ።

የምፈራው የሰው አፍ ነበር። ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጎረቤቴ ያውቃል። ሻይ የምታመጣልን ሴት ታውቃለች። ከሁሉ የምፈራው ደግሞ ግራና ያለ አንድ ዘመዳችንን ነው፤ ደግ ሰው ነው፣ ግን አፉ በር የለውም። አንድ ዓርብ ማታ ሰው ላከብኝ፤ ቅዳሜ ለጉዳይ ወልድያ ይመጣል፣ ከሰዓት እናቴን ሳይጠይቅ አይመለስም። ገብቶ እንደተቀመጠ «አላህ ይማረው» እንደሚላት በዓይኔ ታየኝ።

ስለዚህ እናቴን ኦፔራ ልወስዳት ወሰንኩ። ቤቱን ቆልፈን እንጠፋለን፣ እሱም አንኳኩቶ ይሄዳል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ።

«ዘፈን ነው እማ።»

«በዚህ ዕድሜዬ ዘፈን ቤት ትወስጅኛለሽ?»

«ዘፈን ብቻ አይደለም፣ ታሪክ አለው። ሰው ይሞትበታል።»

«እንዲያ ከሆነስ» ብላ ሻሿን አሰረች።

የተሳፈርንበት ባጃጅ መንገድ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ሌላ እስክናገኝ፣ እናቴም በቀስታ እስክትራመድ፣ ስንደርስ መምህሩ ታሪኩን ተርኮ ጨርሷል። ጎረቤቴ ቦታ ይዞልን ነበር። ጨለማው ውስጥ እየተደናበርን ተቀመጥን። ምን እንደሚታይ አላወቅሁም። ግድም አልሰጠኝ፤ ዘመዳችንን አመለጥኩት ብዬ ደስ ብሎኛል።

ነገሩ የሚሆነው ባሕር ዳር ያለች መንደር ውስጥ ነው። አንዲት ሴት ቤቷን ታሰማምራለች፣ ግድግዳ ትቀባለች፣ እየዘፈነች አልጋ ታነጥፋለች። መምህሩ በማይኩ «ወንድሟ በመርከብ ሄዷል። ለበዓል ይመጣል ብላ ነው የምትዘጋጀው» አለን። እናቴ «አልሐምዱሊላህ፣ ያምጣላት» አለች። ባልየው ገባ። ሴትዮዋ እየዘፈነች የወንድሟን አልጋ ታሳየዋለች፤ እሱም መልሶ ይዘፍናል፣ ግን ፊቱን አዙሮ።

«ይኼ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው ዓይኑን የሚያሸሽ?» አለችኝ እናቴ።

«እንጃ» አልኳት።

ቀጥሎ የመንደሩ ሰዎች መጡ። ዓሣ የሚሸጡ ሴቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ሁሉም አብረው በደስታ ይዘፍናሉ፤ ሴትዮዋ ዘወር ስትል ግን ድምፃቸው ዝቅ ይላል። መምህሩ ምንም አላለም፤ በሰዓቱ ለመጡት አስቀድሞ ነግሯቸዋላ! ለዘገየነው ማን ይንገረን? እናቴ ግን ተርጓሚ አላስፈለጋትም። ወደ ፊት ጠጋ ብላ «ሁሉም ያውቃሉ» አለች። «ልጁ ሞቷል። ሁሉም ያውቃሉ።»

ጎረቤቴ በጨለማው ውስጥ ወደ እኔ ዞረ፤ ያን ቀን አላንኮራፋም።

«እማ፣ ደክሞሻል፣ እንሂድ» አልኳት።

«ተቀመጭ። አልደከመኝም።»

ከዚያ አንድ ተንቀሳቃሽ ነጋዴ መጣ። መርፌና ክር የሚሸጥ፣ ሳጥን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ መንገደኛ ነው። ሴትዮዋ ብቻዋን ልብስ እያሰጣች ነው፣ ቀትር ነው፣ ማንም የለም። ለወንድሟ ሸሚዝ ቁልፍ ልትገዛ ጠየቀችው፤ ለማን እንደሆነ ነገረችው። እሱም ቁልፉን እየቆጠረ፣ ቀለል ባለ በሚያስጨፍር ዜማ፣ ያ መርከብ እኮ ድሮ ሰጥሟል፣ አንድም ሰው አልተረፈም፣ አገር ያውቀዋል አላት፤ መምህሩ ነው በማይኩ የተረጎመልን።

አዳራሹ ተንጫጫ። ተማሪዎቹን አይደለም የምለው፤ እኛን ነው። «ኧረ! ኧረ!» አለች አንዲት ሴት። «ይይይ!» አለ ጎረቤቴ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው «ሰው የለም እዚህ አገር? መርዶ ብቻዋን ላለች ሴት ይነገራል? በቀትር? በቁም?» ብለው ኦፔራው የሚታይበትን ነጭ ሸራ ተቆጡት። ሰው አይሞትም አላልንም። ይሞታል። ግን ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ገና ከቤቷ ሳትወጣ፣ የሚደግፋት ሰው በቀኝ በግራዋ ተቀምጦ ነው የሚነገራት። ይኼን የማያውቅ አገር ያን ሁሉ ቀሚስ ቢሰፋ ምን ዋጋ አለው?

ሴትዮዋ ግን መዝፈን ጀመረች። ቁልፉን እጇ ላይ እንደያዘች ዜማውን ከታች ጀምራ አነሳችው። ከጎኔ እናቴ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። አትንሰቀሰቅም፣ ድምፅ የላትም፣ ብቻ ትጠርጋለች። እጇን ያዝኳት። ሳትነጥቀኝ ተወችልኝ።

ሲያልቅ ተማሪዎቹ ቆመው አጨበጨቡ። እናቴ ተነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ፕሮጀክተሩ ሄደች። መምህሩ ገመድ እየጠቀለለ ነበር። ፊቱ ቆማ «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ። አላህ ያጥናችሁ» አለችው። እሱ ግራ ገብቶት መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ እኔን አየ። ለቅሶ ቤት የሄደ ሰው ባለቤቱን ሳያጽናና አይወጣም፤ የዚያ ቤት ባለቤት ደግሞ እሱ ነው። ገመዱን አስቀምጦ እጇን በሁለት እጁ ያዘና «አሜን እናቴ» አለ። ከኋላዋ ጎረቤቴ «እግዜር ያጥናችሁ» አለ። ያቺ «ኧረ» ያለች ሴትም፣ የተቆጡት ሽማግሌም ተሰልፈው አጽናኑት። ለሁሉም «አሜን» እያለ እጅ ነሳ። ተማሪዎቹ ይስቁ ነበር፤ እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ውጭ ወጥተን ባጃጅ እስኪመጣ አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች። እናቴ እግሯን ዘረጋች።

«ባልየውን አልፈርድበትም» አለች በኋላ። «አዝኖላት ነው። ግን እያዘነ እያዘነ ለመንገደኛ ተዋት።»

እኔ መንገዱን አያለሁ።

«ልጄ» አለችኝ፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ። «የኔን ወንድም መቼ ነው የምትነግሩኝ?»

«ማን ነገረሽ?» አልኳት፣ ማስተባበል እንኳ አልመጣልኝም።

«ማንም። አንች ነሽ የነገርሽኝ። ያን ቀን ስልኩን ዘግተሽ መኪናውን ረገጥሽ። ክር አልነበረውም። ያን ሁሉ ጨርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለ ክር ሰፋሽው። ወላሂ እያየሁሽ ነበር።»

እውነቷን ነው። ማታ ጨርቁን ሳነሳው መርፌ የወጋው ቀዳዳ ብቻ ነበረበት። እሷ እንዳየችው ግን አላውቅም። በመጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ አልደብቅም።

«ታዲያ ያን ሁሉ ዓርብ ስታስዋሺኝ ምን ሆነሽ ነው?»

«አንድ ቀን እንኳ ትነግሪኝ እንደሁ ብዬ ነዋ የምጠይቅሽ። ኋላ ሳይሽ አሳዘንሽኝና ተውሁት። ውሸት አትችይበትም እኮ። ወንዝ የገባውን ስልክ በሳምንቱ ሌባ ሰረቀው አልሽኝ።» ሳቀች፤ እያለቀስኩ እኔም ሳቅሁ።

«ካወቅሽ ለምን አላለቀስሽም?» አልኳት።

«ያልተነገረው ሰው ተነስቶ ያለቅሳል? ሟርት አይሆንም? ደግሞ ያን ያህል ደክማችሁ የሸሸጋችሁትን እኔ ብገልጠው መርሳ ያሉት ሰውዬ አያፍሩም? ሶላቴ ላይ ከሙታን ጋር ማንሳት ከጀመርሁ ቆየሁ። ለቅሶው ግን እዚህ ቀረ።» ደረቷን ነካች። «ያችን ሴት ሳይ ፈራሁ። ለመንገደኛ እንዳትተዉኝ። ሰው ጥሪልኝ። በወጉ ንገሩኝ።»

ቤት ስንደርስ በሩ ላይ ያ የግራና ዘመዳችን ተቀምጦ ይጠብቀናል። ገና ሳይነሳ እናቴ «ምንም እንዳትል!» አለችው። አፉን እንደከፈተ ቀረ። አንድም ቃል ሳይናገር አምሽቶ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወዲያው መርሳ ደወልኩ። ሽማግሌው ቀኑን ቆረጡ። እናቴ ማወቋን አልነገርኳቸውም፤ አትንገሪ ብላኛለች። በተባለው ቀን ንጋት ላይ ዘመዶች ከግራናም ከመርሳም መጥተው፣ ከሱቅ ጎረቤቴ ቤት ተሰበሰቡ። የሱ ሚስት ሻይ አፈላች። ሰማዩ ሲገረጣ ተነስተን ቀስ ብለን ወደ ቤቴ ሄድን፤ ሽማግሌው ከፊት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ። በሩን ልናንኳኳ ስንል ክፍት ነው።

ቤቱ ተጠርጓል። ጓዳ ያለው ምንጣፍ ሁሉ ወጥቶ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተነጥፏል። ወንበሮቹ ለሽማግሌዎች ተደርድረዋል፣ የውሃ ጀሪካኑ ሞልቶ በሩ ሥር ተቀምጧል። እናቴ ሱብሂ ሰግዳ፣ ነጭ ነጠላ ለብሳ መሀል ላይ ተቀምጣለች። የራሷን ለቅሶ ቤት በገዛ እጇ አዘጋጅታዋለች። ሽማግሌው ምንጣፉን አዩ፣ እኔን አዩ። እኔ መሬት አየሁ። አርጅተዋል፣ ብዙ መርዶ ነግረዋል፤ ገባቸው። ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ሁለት ሴቶች በግራ በቀኟ ሆኑ።

«እህቴ» አሉ። «ዱንያ እንዲህ ናት። ሰጪው አላህ ነው፣ ወሳጁም እሱ ነው። እኛም ሁላችን ወደሱ ነን።» እናቴ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። «ወንድምሽ» ብለው ስሙን ጠሩት።

እናቴ ቀና አለች። ከዚያ «ወንድሜን!» አለች። ከግራ ከቀኝ ያዟት። ማስመሰል አልነበረም፤ እዚያ የነበረ ሰው ያውቃል። ስታውቀው የከረመችውን ነገር ገና ያን ደቂቃ እንደሰማች ሆና አለቀሰች፤ አዝላው የወረደችውን ቁልቁለት፣ ያጎረሰችውን ገንፎ፣ ዓርብ ዓርብ «እታለም» ሲላት የነበረውን እያነሳች አለቀሰች።

እኔ እሷን ልደግፍ ነበር የቆምኩት። ግን አልሆነልኝም። የሞተ ቀን የሰማሁት፣ ከሁሉ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነበርኩ፤ ለካ ለኔም የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ስሙን ሲጠሩት ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተብኝ። የስፌት መኪናውን ተሸክሞ በር ላይ የቆመበት ቀን መጣብኝ። «አጎቴ!» ብዬ ምንጣፉ ላይ ወደቅሁ። አንድ እጅ ጀርባዬን ያሸኛል፤ ቀና ስል የእናቴ ነው። እያለቀሰች «አልቅሽ፣ አልቅሽ የኔ ልጅ» ትለኛለች። ያን ያህል ጊዜ የጠበቀችው ለራሷ ብቻ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ።

በማግስቱ ለቅሶ ቤቱ ሰው ሞልቶት ሳለ መምህሩ ከጎረቤቴ ጋር መጣ። ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ረጅም እግሩን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ምንጣፉ ላይ ታጥፎ ተቀመጠ። «አላህ ያጥናችሁ» አለ፤ ከእናቴ የተማራትን ሳያዛንፍ። ከግራና የመጡት ሴቶች ይኼን መነጽራም ልጅ አያውቁትም። አንደኛዋ ወደ እናቴ ጠጋ ብላ «የማን ልጅ ነው?» አለቻት።

እናቴ ዓይኗን ጠረገች። «ባለፈው ቅዳሜ ሰው ሞቶበት ለቅሶ ደርሼለት ነበር» አለች።

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ውይ፣ አላህ ያጥናህ ልጄ» አሉት። መምህሩም አንገቱን ደፍቶ «አሜን» አለ።